የፋጉሎ ወዝ

ባለፈው ቅዳሜ መነጽሬን ፍለጋ መሳቢያውን ሁሉ ገለበጥኩ። መነጽሩ ግንባሬ ላይ ነበር፤ ይህንንም የነገረችኝ ልጄ ናት። ከመሳቢያው ጥግ ግን ያልፈለግኩት ነገር ተገኘ፦ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ባልጩት፣ እንደ ላም ዓይን የምታበራ።

በጉብዝናዬ ዘመን ሰበታ፣ ኦቦ ገመቹ ከሚባሉ ድንጋይ አለስላሽ ዘንድ እሠራ ነበር። ድንጋዩን ከውሃና ከሻካራ ዱቄት ጋር በርሜል ውስጥ ከተን በሞተር እናሽከረክረዋለን።

"ባልጩት እንደ ብርጭቆ ነው፤ እርስ በርሱ ሲላተም ይጫራል" ይሉኝ ነበር። "ሰጋቱራ ጨምርበት። ከሻካራው ወደ ልሙ ዱቄት በለወጥክ ቁጥር ውሃው እስኪጠራ እጠበው። ሱታ፣ ሱታ!" በቀስታ ማለታቸው ነው። እኔ ግን እንኳን ድንጋይ ሽሮ እስኪበስል አልታገስም።

ከፊት ለፊታችን ባለው ሱቅ የነጋዴው ልጅ ዘይነባ ነበረች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቤተሰቡ ጠቅልሎ ቡራዩ ሊገባ ነው ተባለ። ዘጠኝ ቀን ቀረኝ። ባልጩት አሳምሬ ሰጥቼ የልቤን ልነግራት ቆረጥኩ።

ሰጋቱራው በዝናብ ረጥቦ ስለነበር ከጎረቤት ዘይት መጭመቂያ የኑግ ፋጉሎ አምጥቼ በርሜሉ ውስጥ ሞጀርኩ። ማጠቡንም ዘለልኩት። በዘጠነኛው ቀን ብከፍተው ያብለጨልጫል! እኚህ ሽማግሌ በከንቱ ነው ለካ ወር ሙሉ የሚለፉት፣ ብዬ ታዘብኳቸው።

ዕቃ የጫነው አይሱዙ ሞተሩን ሲያስነሳ ሮጬ ሰጠኋት። ዘይነባ አገላበጠችው፤ አሸተተችው፤ በሻሿ ጫፍ ጠረግ አደረገችው። ወዙ ሻሹ ላይ ቀረ። እጇ ላይ የቀረው አመዳም፣ የተጫጫረ ድንጋይ ነው።

"አንተ! ፋጉሎ ለላም አይደል እንዴ የሚሰጠው?"

ሳቋ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ድንጋዩን መልሳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሲያበራ አምጣልኝ። እጠብቃለሁ።"

ጭረቱ እንዲጠፋ ከመጀመሪያው ሻካራ ዱቄት ጀመርኩ። በደረቅ ሰጋቱራ፣ እያጠብኩ፣ እያለዘብኩ። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆነ፤ ጤፉ ታጨደ። ድንጋዩ አበራ። እኔ ግን "ትንሽ ይቀረዋል" እያልኩ መልሼ በርሜሉ ውስጥ እከተዋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ፈርቼ ነው።

"በቃ፣ ውሰድላት እንጂ!" አሉኝ ኦቦ ገመቹ አንድ ጧት። "ሲበዛ ድንጋይም ያልቃል።"

"አንድ ሳምንት ብቻ" አልኳቸው። መቸኮል በማይገባኝ ጊዜ ቸኩዬ፣ መቸኮል ሲገባኝ ትዕግሥት ተማርኩ። በዚያው ሳምንት ዘይነባ መዳሯን ከቡራዩ የመጣ ሰው ነገረን።

ከመሳቢያው ባገኘኋት ማግስት፣ እሁድ ዕለት፣ ድንጋይቱን ኪሴ ከትቼ ቡራዩ ሄድኩ። ለምን አትበሉኝ። የሚኒባሱ ረዳት "አባባ፣ የት ጋ ነው የሚወርዱት?" ቢለኝ እጄን ኪሴ ሰደድኩ። መሐረቤን አውጥቼ ድንጋይቱን ጠረግኳት፤ አጥብቄ አሸኋት። መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ።