ሳይታጠብ የቀረው ሰማይ

ከእኔ በፊት የታሰረው ካሜራዬ ነው። ወረታ መናኸሪያ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መኪና እስኪሞላ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ሲቪል የለበሰ ሰው መጥቶ ከአንገቴ አወለቀው። ማንጠልጠያውን በእጁ ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ ነው ወደ እኔ የዞረው።

«ምን ስታነሺ ነው የዋልሽው?»

«ሰማይ» አልሁት።

«ሰማይ?»

«ደመናና ፀሐይ። ሐይቁ ዳር።»

አጠገቤ የተቀመጡት መንገደኞች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ተነሺ አለኝ፤ ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ ተከተልሁት።

እውነቴን ነበር። ባለቤቴ የፎገራ ሰው ነው፤ ጣና ዳር ተወልዶ ያደገ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥል ነበር። ከመሰላል ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ግን ከቤት አይወጣም። ደብረ ታቦር ከቤታችን የፊት ክፍል ፎቶ ቤት ከፈትን፤ ማንሣቱንም ፊልም ማጠቡንም እኔ ተማርሁ። በየዓመቱ በወርኃ ጽጌ፣ ክረምቱ ወጥቶ የመጨረሻው ዝናብ ሐይቁ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኛል።

«ሰማዩን አምጪልኝ።»

እወርዳለሁ፤ አነሣለሁ፤ አጥቤ አመጣለታለሁ። ፊልማችን ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀለሙን እኔን ይጠይቀኛል።

«ይኼ ከሥር ያለው ምንድን ነው?»

«የደረሰ ጤፍ ይመስላል።»

«ላዩስ?»

«ላዩ የጉበት መልክ አለው።»

«የጉበት ሰማይ! አንቺ እኮ ከወጥ ቤት አትወጪም።»

«አንተስ መቼ ከመላእክት ክንፍ ወጥተህ ታውቃለህ?»

እንዲህ እየተባባልን ነው ሐይቁን የሚያየው።

በዚያ ዓመት ታዲያ ፊልሙ ላይ ከሰማይ ሌላ አንድ ነገር ነበር። ከከተማችን አንድ መምህር ጠፍቶ ይፈለግ ነበር። ትልቋን ልጄን ያስተማራት ሰው ነው። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ የታሰሩት ተማሪዎች ይፈቱ ብሎ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ አላደረም። ሐይቁ ዳር ማዕበሉ አልፎ፣ ፀሐይዋ ከደመናው ሥር ወጥታ ውኃውን ስታቀላው፣ እኔ ፊልሜን ልጨርስ ስል ከደንገሉ ሣር ውስጥ ብቅ አለ። የባለቤቴ ወንድም በታንኳው ሊያሻግረው አብሮት ነበር።

«እትዬ» አለኝ መምህሩ፣ «አንድ ያንሡኝ። ባልመለስ ለእናቴ ይስጡልኝ።»

አንድ ብቻ ቀርታኝ ነበር። አነሣሁት። የባለቤቴ ወንድም ከኋላው ታንኳውን ይዞ ቆሟል። ሁለቱም ፊታቸው ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ከዚያ በዚያ በቀላው ውኃ ላይ እየቀዘፉ ሄዱ።

ያቺ ፎቶ ብትታይ አንዱ የት እንዳለ፣ ሌላው ምን እንዳደረገ ትናገራለች። ካሜራዬ ከአንገቴ ሲወልቅ ያሰብሁት ይህን ብቻ ነው።

ያስገቡኝ ደብረ ታቦር፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ገብስ ገብስ ይሸታል። መስኮቱ ከጣራው ሥር ስለ ሆነ ቆሞም ቢሆን ሰው አይደርስበትም። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። አንዲት አሮጊት እናት በጫካ ለተሸሸገ ልጃቸው ስንቅ ሲያደርሱ ተይዘው ነው የገቡት። እማማ እንላቸዋለን። ለምን እንደ ታሰርሁ ጠየቁኝ።

«ሐይቁ ዳር ሰማይ ሳነሣ ነው፣ እማማ።»

«ሰማይ አንሥተሽ እንዲህ ካደረጉሽ መሬት ብታነሺማ ምን ሊያደርጉሽ ነበር!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የመጀመሪያውን ቀን ያሳለፍሁት በዚያ ሳቅ ነው። ማታ እማማ የቆሎዬን ድርሻ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አቆዩልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አንድ ጧት መርማሪው አስጠራኝ። ካሜራዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አልተከፈተም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር።

«ይኼ በብርሃን እንደማይከፈት አውቃለሁ» አለኝ። «የሚያጥብ ሌላ ሰው አንድ ነው ያለው፤ እሱ አንበሳሜ ከተማ ለለቅሶ ሄዷል። አንቺው ታጥቢዋለሽ። አሁን።»

በራሴ ቤት፣ በራሴ ዕቃ ማለቱ ነው።

እሱ ፊት ፊት፣ አንዲት ወጣት ፖሊስ ከኋላዬ ሆነው በገበያው መንገድ ወሰዱኝ። የሚያውቁኝ ሰዎች ቆመው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ልጆቼ እናቴ ዘንድ ነበሩ፤ ይህንን በማየት አልተፈተኑም። ባለቤቴ ከፊተኛው ክፍል አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረ፤ ወገቡ እንደማይነሣለት ረስቶ ነው።

«ማውራት የለም» አለ መርማሪው።

አላወራንም። ባለቤቴ ወደ ካሜራው አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ አየ። ሰማዩ አለ ወይ ማለቱ ነው። ራሴን ነቅንቄ አለ አልሁት። ፊቱ በራ። ያንን ፊት ሳይ ዐይኔን ወደ መሬት ጣልሁ፤ ምክንያቱም ምን ላደርግ እንደ መጣሁ እኔ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልም ከካሜራ ወጥቶ መድኃኒቱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቅንጣት ብርሃን ማየት የለበትም። መድኃኒቱ ሁለት ነው። በመጀመሪያው ሲነከር ሥዕሉ ይወጣል፤ በሁለተኛው ይጸናል። ቀድሞ ሁለተኛው ውስጥ ከገባ ግን ሥዕል የሚባል ነገር አይኖርም፤ ባዶ ሆኖ ይቀራል። እኔም በጨለማው ውስጥ ሁለቱን ጣሳዎች ላቀያይር ቆርጬ ነበር የመጣሁት። ሰማዩም ከሰዎቹ ጋር ይጠፋል። ከዚያ በኋላ መርማሪው ምን አደረግሽ ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም እዋሻለሁ። ሰማዩን ማጣቱና ሐሰቱ ሁለቱም ከብደውኝ ነበር። በልቤ እመቤቴን እየተማጠንሁ ነው የገባሁት።

መርማሪው ከባለቤቴ አጠገብ ተቀመጠ። ለፖሊሷ የእጅ ባትሪ ሰጣትና «ዐይንሽን ከእሷ ላይ እንዳታነሺ» አላት። «ለአፍታም ቢሆን።»

ጨለማ ክፍላችን ከጓዳው ጀርባ ያለ ጠባብ ቤት ነው። በሩን ዘጋሁ፤ ጥቁሩን ብርድ ልብስ አወረድሁ። ጣሳዎቹን አሰናዳሁ።

«በይ ባትሪውን አጥፊው» አልኋት።

አጠፋችው። ትንፋሿ ወዲያው ተለወጠ።

«ምንም አይታይም እኮ!»

«አዎ፣ አይታይም።»

«እኔ ደግሞ ዐይንሽን እንዳታነሺ ተብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ በምኔ ልይሽ?»

ሳቄ መጣብኝ። እሷም ሳቀች፤ አፏን በእጇ እንደ ያዘች ከድምፅዋ ያስታውቃል። ጨለማ እንደምትፈራም ገባኝ።

«የነጠላዬን ጫፍ ያዢ» አልኋት። ያዘችው። እንደ ሕፃን ሁለት እጇን አድርጋ ነው የያዘችው።

ካሜራውን ከፈትሁ። ፊልሙን ከመጠቅለያው አውጥቼ ዘረጋሁት። ጣሳዎቹ ከፊቴ ናቸው፤ የትኛው የት እንዳለ እጄ ያውቃል። እጄ ግን አልሄደም።

«ባትሪውን ባበራውስ?» አለችኝ።

«ፊልሙ ይቃጠላል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ምንድን ነው ያለበት?»

ነገርኋት። ማዕበሉ ከዘጌ በኩል እንዴት እንደ መጣ፣ ውኃው እንዴት እንደ ጠቆረ፣ ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይዋ ከደመናው ሥር እንዴት አጮልቃ እንደ ወጣች። ባለቤቴ ሐይቁን የሚያየው በዚህ ብቻ እንደ ሆነም ነገርኋት።

«ሌላስ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር።

«ሰው አለበት» አልሁ። «ለእናቱ ብሎ የተነሣ።»

«እናቱ የት ናት?»

«እዚሁ ከተማ ናት። ትጠብቀዋለች።»

ነጠላዬ ጠበቀ። ውጭ መርማሪው ሲያስል ይሰማል።

«የእኔ እናት ጋይንት ናት» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንቺ ስትለኝ የቆየችው ልጅ «እትዬ፣ የክርስትና ስምዎ ማን ነው?» አለችኝ።

በእኛ ዘንድ ሰው የክርስትና ስም የሚጠይቀው በጸሎቱ ሊያስብ ነው። ነገርኋት። የእሷንም ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ።

«እንግዲህ እኔ ዐይኔን እንዳላነሣ ታዝዣለሁ» አለች፣ ትምህርቷን እንደምታጠና ልጅ ቀስ ብላ። «ለአፍታም ቢሆን ተብያለሁ።»

ባትሪው በራ።

ፊልሙ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ብርሃኑን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ አወረደችው አወጣችው። እሷ ግን ፊልሙን አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው። ዐይኗ እንባ ሞልቶታል።

«አየሁዎት» አለችኝ።

ፊልሙን እንደ ደንቡ በመጀመሪያው ጣሳ፣ ቀጥሎም በሁለተኛው ነከርሁት። አንዳች አላጎደልሁም። ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

መርማሪው ወደ መስኮቱ ወስዶ ዘረጋው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ተቃጥሏል» አልሁት።

«ማን አቃጠለው?»

ልጅቱ አፏን ስትከፍት አየሁ። ቀደምኋት።

«ጨለማ ክፍሉ የእኔ ነው። እዚያ ውስጥ ለሚሆነው ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።»

እሷ ግን አልተወችኝም። ቀጥ ብላ ቆማ «ጌታዬ፣ ዐይኔን አላነሣሁም። ባትሪዬን አብርቼ ነው የጠበቅኋት» አለች።

መርማሪው ብዙ አያት። ትእዛዙ የራሱ ነበር። ባትሪውን ከእጇ ተቀበለ። ከዚያ ወደ እኔ እያሳየ «መልሻት» አላት።

በዚህ መካከል ባለቤቴ እጁን ዘረጋ። «እስቲ» አለ። መርማሪው ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም፣ ፊልሙን ሰጠው። ባለቤቴ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ፣ እያንዳንዷን ቦታ ፎቶ እንዳለባት አድርጎ አየ። ምን እንደ ተደረገ የገባው ይመስለኛል። የገዛ ወንድሙ ከእኔ ጋር ሐይቁ ዳር እንደ ነበር ግን ያኔ አያውቅም።

«ግድ የለም» አለ። «ቀለሙን ትነግሪኛለሽ።»

መናገር ተከልክሎ ነበር፤ መርማሪው ግን ወደ ውጭ እያየ ነበር።

ወደ ክፍላችን ስመለስ እማማ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሴቶቹ ሰማዩን ንገሪን አሉ። ጀመርሁ። ከሥር የደረሰ ጤፍ፣ ከላይ የጉበት መልክ ስል እማማ አቋረጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በጽጌ ጾም ጉበት ታስታውሺናለሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። ሌላ መልክ አጥቼለት ነው።»

«በይ እንግዲህ ቀጥይ። ከበላንም በጆሮ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ንገሪን ይሉኛል። እንዳልረሳው አንድም ሳልጨምር ሳላጎድል እደግመዋለሁ። ብሳሳት እነሱ ያርሙኛል፤ ሁላቸውም አጥንተውት ነበር። አንዳንድ ቀን ያቺ መስኮት ትቀላለች፤ ያን ጊዜ እማማ በጣታቸው ወደ ላይ እያሳዩ «ያንቺው መጣ» ይሉኛል።

ከኅዳር ሚካኤል በፊት ፈቱኝ። ለምን እንደ ፈቱኝ አልነገሩኝም። ካሜራዬ አልተመለሰም፤ በኋላ ዘመዶች ሌላ ገዙልን። እማማ እዚያው ቀሩ። ስሰናበታቸው የተቀቡትን እምነት ከግንባራቸው በጣታቸው አንሥተው ግንባሬን ቀቡኝ።

ቤት የደረስሁ ዕለት ባለቤቴ አቡጀዲ አሰፍቶ፣ በእንጨት ወጥሮ፣ ቀለሙን በጥብጦ ይጠብቀኝ ነበር።

«በይ ተቀመጪ» አለኝ። «ከሥር ምን ነበር?»

እኔ ስናገር እሱ ይሥላል። ቀይ ሲበዛበት አይደለም እለዋለሁ፤ ይደመስሳል። እንደ ገና እንዲህ ነው እለዋለሁ። መምህሩንና ወንድሙንም በዚያን ጊዜ ነገርሁት። ብሩሹን አስቀምጦ አማተበ፤ ከዚያ ቀጠለ። ስንጨርስ አንዱ ደመና ጠርዝ ላይ ላባ አየሁ። «ይኼ ሐይቁ ላይ አልነበረም» አልሁት። «አንቺ አላየሽው ይሆናል» አለኝ።

ያ ሰማይ ፎቶ ቤታችን ውስጥ የፎቶ መጋረጃ ሆኖ ተሰቀለ። ሙሽሮች፣ ዲያቆናት፣ ጉርድ ፎቶ የሚፈልጉ ተማሪዎች፣ ሁሉም ከፊቱ ቆሙ። ከዓመታት በኋላ ያ መምህር መጣ፤ ጸጉሩ ሳስቷል፤ እናቱን በክንዳቸው ይዟቸዋል።

«እትዬ፣ ያቺ ፎቶ ወጥታ ነበር?» አለኝ።

«አልወጣችም» አልሁት። «ና፣ እዚህ ቁም። እናታችን፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

አሮጊቷ ዞረው መጋረጃውን አዩት። «ምን ያለ ሰማይ ነው!» አሉ። መምህሩም ዞረ፤ አየው፤ የት እንዳየው ዐወቀ። እጁን እናቱ ትከሻ ላይ አደረገ። አነሣኋቸው።

ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። መጋረጃው ሰው በሚደገፍበት በኩል ደብዝዟል፤ ልጆቼ ሌላ እንግዛ ይሉኛል። እስካሁን እሺ አላልኋቸውም። የፖሊሷን የክርስትና ስም እዚህ አልጽፈውም። በሚጠራበት ቦታ ሁልጊዜ ጧት እጠራዋለሁ፤ ከባለቤቴ ስም ቀጥሎ፣ ከልጆቼ ስም በፊት።