የጾም ብስኩት በአርብ ገበያ

እኔ ብስኩት አልወድም። ልጆቼ ከሻዩ ጎን ያስቀምጡልኛል፤ እኔም መልሼ እሰጣቸዋለሁ። «ለምን?» እያሉ ሲጠይቁኝ መመለሱ ስለሰለቸኝ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ባደግኩባት በአርብ ገበያ ከተማ ስድስተኛ ክፍልን የጨረሰ፣ ከዚያ በላይ ለመማር ደብረ ታቦር መሄድ ነበረበት። ከሁላችን ጎበዝ የነበረችውን ጓደኛችንን አባቷ «የቤት ኪራይ ከየት አመጣለሁ? ትዳር ይሻልሻል» ብለው ቁርጡን ነገሯት። እኛ የትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ አባላት ታዲያ ብስኩት ሸጠን ኪራዩን እናወጣላታለን አልን። ልጆች ነበርን እንግዲህ።

የባልትና አስተማሪያችን አሠራሩን አሳየችን። ገበያው አርብ ስለሆነ ቅቤና እንቁላሉን ትተን በኑግ ዘይት አሸነው። በብርጭቆ አፍ እየቆረጥን፣ ድስት ውስጥ ደርድረን፣ ከላይም ከታችም ፍም አድርገን ጋገርነው። ዓይናችን በጭስ ጠፋ። ጠዋት ከትምህርት ቤት አስፈቅደን ቅርጫቱን ይዘን ገበያ ወጣን።

ጾሙን እንጂ ሰዓቱን ማናችንም አላሰብንም። እኛ የከተማ ልጆች ቁርሳችንን በልተን ነው የወጣነው፤ ባላገሩ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምስም። «አሁን ማን እህል ይቀምሳል ብላችሁ ነው?» ይሉናል ሴቶቹ ገብሳቸውን እየሰፈሩ። ፀሐዩ አናታችንን በላው። ሌሎቻችን ደክሞን ስንቀመጥ ጓደኛችን ብቻ እየዞረች ትለምን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ወደየአገሩ ተበተነ።

ያኔ አባቷ መጡ፤ ገብሳቸውን ሸጠው መመለሳቸው ነበር። አንዱን ብስኩት ቆርሰው አሸተቱና «የጾም ነው?» አሉን። «አዎ አባባ፣ ቅመሱት» አልናቸው። ቀመሱ። ከጋቢያቸው ጫፍ ገንዘብ ፈትተው ቅርጫቱን ሙሉ ገዙን። ራሩላት፣ ልትማር ነው ብዬ ደስታ ሊገድለኝ ደረሰ፤ የጓደኛዬን እጅ ያዝኩ።

«ተባረኩ ልጆቼ» አሉ። «ዛሬ ማታ ሽማግሌዎች ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ ምን አቀርባለሁ ብዬ ተጨንቄ ነበር። ነይ፣ ተሸከሚው።»

እጇን ከእጄ አወጣች። ቅርጫቱን ተሸክማ ከኋላቸው ሄደች፤ ዞር ብላም አላየችን። እኛ ኪራይዋን ይዘን እዚያው ቆመን ቀረን።