አጎቷን ሁለቴ የቀበረች እህት

በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ከእሷ የተሻለ ደብዳቤ የሚጽፍ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ የርእሰ መምህራንን ቁጣ ጨዋ ስታደርግ የኖረች ፀሐፊ ናት፤ «ልጅዎ ዱርዬ ነው» የሚለው በእጇ ሲያልፍ «የልጅዎ ጠባይ የጋራ ክትትላችንን ይሻል» ሆኖ ይወጣ ነበር። ይህን ጥበቧን አሟጣ ያዋለችው ግን ለታናሽ ወንድሟ ነው።

ወንድሟ የማተሚያ ቤት ጠራዥ ነው። ደህና በነበረ ጊዜ እሱ የሰፋው መጽሐፍ ክሩ የት ገብቶ የት እንደወጣ አይታይም ነበር። አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል። ሰኞ ሰኞ ስካሩ ከአልጋ አላወርድ ሲለው ለአለቃው የምትደውለው እሷ ናት። መጀመሪያ ጉንፋን አለች። ጉንፋን ሲሰለች ሆድ ቁርጠት፣ ቁርጠቱም ሲያልቅ ሞት መጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት አክስቶችን፣ ከቶ ያልነበረ አንድ የእንጀራ አባትን፣ በመጨረሻም በስስት ስታቆየው የነበረውን አጎቷን ገደለች። አጎትየውን በክረምት ቀበረችው፤ በበጋ ረስታ ደገመችው። የማተሚያ ቤቱ ሰዎች ወንድሟን «ሐዘንተኛው» ይሉት ጀመር። እሷ አዝነውለት መስሏት ደስ አላት።

ለአጎትየው ሁለተኛ ሞት አለቃውና ሁለት ጠራዦች ልቅሶ ሊደርሱ መጡ። በሩን የከፈተላቸው ሟቹ ነበር። እህትና ወንድሙን ሊጠይቅ መጥቶ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ኖሯል። አለቃው አንገቱን ደፍቶ እግዜር ያጽናዎት አለው። አጎትየው ደንግጦ ማን እንደ ሞተ ጠየቀ። የጠራዡ አጎት ነው አሉት። ጥቂት አሰበና፣

«ከእኔ ሌላ አጎት የለውም» አለ።

ሐዘንተኛው ጓዳ ተኝቶ ያንኮራፋል። አለቃው አልሳቀም።

«እናውቅ ነበር» አላት እህትየውን። «የመጣነው ከዘመዶቻችሁ ማን እንደተረፈ ለማየት ነው።» ከዚያም ሰኞ ወንድሟ ራሱ ደውሎ እውነቱን ካልተናገረ ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነግሯት ሄደ።

በማግስቱ ዘመድ ተሰበሰበ። አጎትየው ከሞት የተነሣ ሰው በመሆኑ ቀድሞ ተናገረ፤ ክፍል ውስጥ ቆልፈን ሦስት ቀን ውሃ ብቻ እንስጠው፣ ወንድ ልጅ ከቆረጠ ይተዋል አለ። ከሟች አክስቶች አንዷ ሚስት ቢያገባ ይስተካከላል አለች፤ ለዚህ ሥራ የማንን ልጅ እንዳጨች ግን አልተናገረችም። ነገሩ ከቤት እንዳይወጣ ሁሉም ተስማሙ። ወንድሟን ከቦይ እያነሳ ቤት የሚያደርሰው ሰፈሩ መሆኑን ማንም አላነሳም።

ፀሐፊዋ ሳትነግራቸው ሱስ ወደሚታከምበት ክሊኒክ ሄደች። እዚያም ልማዷ አልለቀቃትም፤ የመጣችው ስለ አንዲት ጓደኛዋ ወንድም ለመጠየቅ መሆኑን ለነርሷ አስረዳች። ነርሷ ሳታቋርጣት አዳመጠቻትና፣

«ጓደኛዎ ትንሽ ይተኙ፤ ዓይናቸው ቀልቷል» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ያለ ጓደኛ ተነጋገሩ። ነርሷ ሱስ በሽታ መሆኑን፣ ስድብም ምክርም ብቻውን እንደማያድነው ነገረቻት። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው በድንገት ሲከለከል ሊቃዥ፣ ሊንፈራገጥ፣ ሊሞትም ስለሚችል ማቆሙ በሐኪም እጅ መሆን አለበት። የአጎትየው ሦስት ቀን ለቤተሰቡ የመጀመሪያውን እውነተኛ ልቅሶ ሊያመጣ ይችል ነበር። መድኃኒቱም በሚጠጣው ልክ ስለሚሰጥ፣ ሐኪሙ ፊት መጠኑን አሳንሶ መናገር አደጋ ነው።

«እርስዎ በዋሹለት ቁጥር ከሥሩ ፍራሽ ያነጥፉለታል» አለቻት። «መውደቁን በምን ይወቅ?»

እሑድ ጠዋት፣ መጠጡን ሳይጀምር፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። ከእንግዲህ እንደማትደውልለት፣ ለመታከም ከወሰነ ግን እስከ በሩ አብራው እንደምትሄድ። ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሷም አልተሳደበችም፤ ላለመሳደብ ግን ምላሷን ነክሳ ነበር የቆየችው።

ሰኞ ሲነጋ ጠራት።

«እታለም፣ አንዴ ብቻ። የመጨረሻ።»

«ዘመድ አልቆብኛል» አለችና ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ብዙ ቆይቶ ደወለ። ሰኞ ሰኞ የሚቀረው ጠጥቶ እንደሆነ፣ አሁን ግን ሊታከም እንደሚሄድ ተናገረ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነበር። አለቃው የሐኪም ወረቀት እንዲያመጣና ቦታው እንደሚጠብቀው ብቻ ነግሮት ዘጋ። ፀሐፊዋ ተናደደች። በሦስት ዓመት ስንት ዘመድ ያለቀበት ጉዳይ በሁለት ደቂቃ ማለቁ እንደ ስድብ ተሰማት።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ሐኪሙ ፎርሙን ዘርግቶ በቀን ስንት እንደሚጠጣ ጠየቀው። ወንድሟ አልፎ አልፎ፣ ከሰው ጋር፣ አለ። ሐኪሙ ወደ እሷ ዞረ። የሃያ ዓመት ሙያዋ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ «በመጠኑ» የሚል ጨዋ ቃል ተዘጋጅቶ ነበር። ቃሉን ዋጠችው።

«እሱ ይንገርዎ» አለች። «የቀረውን እኔ እሞላለሁ።»

ወንድሟ ገልመጥ አደረጋት። ከዚያ ጉልበቱ ላይ የሚንቀጠቀጡትን እጆቹን አየ።

«አንድ ጠርሙስ» አለ። ሐኪሙ ጻፈ። ወንድሟ እስኪጨርስ ጠበቀውና፣

«እሱ እስከ ቀትር ድረስ ነው» አለ።

ሐኪሙ የጻፈውን ሰርዞ አልጋ እንዲያዝለት አዘዘ።