አይጥ ያልበላው ትራስ ልብስ

ይህን ትራስ ልብስ ከፌስታሉ አውጥተሽ አልጋው ላይ ስትዘረጊው መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። የአያትሽ ሳጥን ሽታ፤ የብል መድኃኒትና ኡድ። ከዚያ ቀዩን አበባ አየሁት። አንቺ «እማ፣ እጅሽ እንዲህ ነበር እንዴ? ቅዳሜ የልጁ እናት ሊያዩኝ ሲመጡ ይህንን ነው የምዘረጋላቸው!» ብለሽ ስትስቂ፣ ምንም አልመለስኩልሽም። ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም ያ ዝምታዬ አልለቀቀኝም። እስኪ ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አዲስ ዓለም፣ አባቴ ቤት። አባቴ አቡጀዴና የጥልፍ ክር ይሸጥ ስለነበር በከተማው ውስጥ እንደ እኔ ክር የተትረፈረፈላት ልጅ አልነበረችም። ምን ዋጋ አለው! መርፌ ስይዝ ጣቶቼ ሁሉ አውራ ጣት የሆኑ ይመስለኛል። ፊቱን እንደምንም አበባ ነው ብትይው፣ ጀርባው ቋጠሮ በቋጠሮ፣ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። ሴቶች ደግሞ ጥልፍ ሲያዩ ቀድመው መገልበጥ ነው። ጀርባው ካልጸዳ ልጅቷ ሰነፍ ናት፣ አለቀ። እናቴን ግን ለወራት ሸወድኳት። «ሊያዩኝ ለሚመጡት እንግዶች እየጠለፍኩ ነው» ብዬ በሬን ዘግቼ ካሴት እሰማ ነበር።

ከግቢያችን ጥግ ባለችው ክፍል አንዲት ተከራይ ነበረችን። ከትክል ድንጋይ ለትምህርት የመጣች፣ ከእኔ በሁለት ዓመት የምታንስ ልጅ። አባቷ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በሶና ድርቆሽ በአህያ ጭነው ይመጡላታል። ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች በሯ ላይ ትቀመጥና ፀሐይ እስክትጠልቅ ትጠልፋለች። ነጩ ጨርቅ ሲወጠር፣ መርፌው ሲበሳው፣ ክሩ ሽው ብሎ ሲሳብ ከክፍሌ ሆኜ እሰማው ነበር። ብርሃኑ እየደከመ ሲመጣ ጨርቁን ወደ ዓይኗ ታስጠጋለች።

ጥር ላይ ለምትዳረው ታላቅ እህቷ ነበር የምትጠልፈው። ሁለት ትራስ ልብስ፣ አንዱ ለሙሽራው፣ አንዱ ለሙሽሪት። መሐሉ ላይ ቀይ አበባ፣ ግራና ቀኝ ወፎች፣ ዙሪያውን ሰንሰለት የሚባለው ስፌት። መስከረም ላይ ጀምራ ታኅሣሥ ላይ ጨረሰች። ደግሞ አንድ ልማድ ነበራት። የጠለፈችውን ሁሉ የምትጨርሰው በጠርዙ እጥፋት ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል መስቀል ጠልፋ ነው። ቀሚሷ ላይ አይቼ ጠይቄያት ነበር። «እናቴ ናት ያስለመደችኝ፤ ያለሱ አለቀ አይባልም» አለችኝ። እኔ ይህን ወዲያው ረሳሁት።

አያትሽ፣ የአባትሽ እናት፣ እኔን ለማየት የሚመጡበት ቀን ደረሰ። አባትሽን በሩቁ አይቼ ወድጄዋለሁ። የሚዘረጋ ነገር ግን የለኝም። ወደ ተከራይዋ ክፍል ሮጥኩ።

«አንዱን አበድሪኝ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ።»

«ምነው፣ ያንቺስ? ይህን ሁሉ ወር ስትጠልፊ አልነበር?»

ባዶ እጄን ስዘረጋላት ገባት። ፈገግ አለች እንጂ አላሾፈችብኝም። «እንኪ፤ እጅሽን ግን ታጠቢ» አለችኝ።

አያትሽ መጡ። ሰላምታው እንዳለቀ ዓይናቸው ትራሱ ላይ አረፈ። አነሱት፣ ገለበጡት። ጀርባው እንደ ፊቱ ንጹሕ ነበር። «ማሻአላህ! ይህች እጇ ይባረክ» አሉና ደግመው ደጋግመው በጣታቸው ዳሰሱት። እናቴ ደግሞ እንግዳ ያደነቀውን ዕቃ ሳትሰጥ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነበረች። ጨርቁን ከትራሱ አወለቀችና አጣጥፋ እጃቸው ላይ አደረገችው። «ከወደዱትማ የእርስዎ ነው። ልጄ ሌላ ትጠልፋለች» አለች።

ይኸኔ ነው ተከራይዋ ልጅ ሻይ ይዛ የገባችው። እናቴ አግዢን ብላት ነበር። ጨርቁ ወደ አያትሽ ጥቁር ቦርሳ ሲገባ አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ሁለት ቃል ነበር የሚበቃኝ፤ «የእሷ ነው» ማለት። አላልኩም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ጨዋ ልጅ አንገቴን ደፋሁ። እንግዶቹ ዓይነ አፋርነት መሰላቸው። እሷም ሻዩን ለሁሉም አዳረሰች፤ አንድም ብርጭቆ አላንኳኳችም።

እንግዶቹ እንደወጡ «ሰሞኑን አስመልስልሻለሁ» አልኳት። መቼም እንደማላደርገው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ልመልስ ብል ውሸቴ ይወጣል፣ ውሸቴ ከወጣ ጋብቻው ይቀራል። ሌላ ለመጥለፍ ደግሞ ለእሷ ጊዜ አልነበራትም።

በሳምንቱ ቅዳሜ አባቷ ለሠርጉ ሊወስዷት መጡ። የቀረውን አንዱን ትራስ ልብስ በነጠላዋ ስትጠቀልል አጠገቧ ቆሜ ነበር።

«እናትሽ አንድ ብቻ ምነው ብትልሽስ?» አልኳት። እኔ ነኝ እንግዲህ የምጠይቃት!

«አይጥ በላው እላታለሁ» አለችኝ፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

በር ላይ አባቷን «ደህና ይግቡ አያ» ብዬ ስሰናበታቸው የዝንብ ጭራቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛውረው ጨበጡኝ። «ሸጋ ልጅ ነሽ። በሰው አገር እህት ሆንሽላት፤ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ዛሬ እንኳ ያንን ምርቃት ሳስታውስ ፊቴ ይግላል።

ከሠርጉ ተመልሳ የትምህርት ዓመቱን ጨረሰች። በር ላይ ስትጠልፍ ግን አላየኋትም። በዓመቱ አልተመለሰችም። በእኔ ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

ከተዳርኩ በኋላ ያ ትራስ ልብስ አያትሽ አልጋ ላይ የሚዘረጋበትን ቀን እየፈራሁ ጠበቅሁ። አንድም ቀን አልተዘረጋም። ለክብሩ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡት መሰለኝ። ጥለፊ ብለውኝም አያውቁም። ጎረቤቶች «እስኪ ምራትሽ ትጥለፍልን» ሲሏቸው «ዓይኗን ያማታል፣ ተዉአት» ይላሉ። እኔ ዓይኔን አሞኝ አያውቅም። ዕድለኛ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ባለፈው ወር፣ ከአያትሽ ሐዘን በኋላ፣ አክስትሽ ይህን ፌስታል አመጣችልኝ። «እማዬ ከመሞቷ በፊት ለጠለፈችው ልጅ ትመልስላት ብላ አደራ ብላኛለች፤ እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም» አለች። ብቻዬን ስሆን የጠርዙን እጥፋት ገለጥኩት። መስቀሏ አለች። ቀይ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል።

አያትሽ ያኔ ወስደው መጀመሪያ ሲያጥቡት አይተዋት መሆን አለበት። የእኛ ቤት ልጅ መስቀል እንደማትጠልፍ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ከኒካሑ በፊት ያውቁ ነበር ማለት ነው። እያወቁ ዳሩኝ፣ እያወቁ አንቺን ከእጄ ተቀብለው አሳደጉልኝ። ሁለት ሴቶች ነውሬን ሸፈኑልኝ፤ አንዷ «አይጥ በላው» ብላ፣ አያትሽ «ዓይኗን ያማታል» ብለው። እኔ አንዳቸውንም ይቅርታ አልጠየቅኩም። አያትሽማ አሁን አፈር ውስጥ ናቸው።

ትክል ድንጋይ ሩቅ አይደለም። ወሩን ሙሉ መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል እያልኩ አሳበብኩ። መንገዱ አይደለም፤ ፊቷን ነው የፈራሁት።

እና ልጄ፣ ቅዳሜ ያቺን አንገቷ የተጣመመ ወፍ ያለችበትን፣ አንቺ የጠለፍሽውን ዘርጊላቸው። ይገልብጡት፣ ቋጠሮውንም ይዩት። ይህን ወደ ፌስታሉ መልሺው። እሑድ ጠዋት አብረሽኝ ትሄጃለሽ፤ ብቻዬን ከወጣሁ ከመናኸሪያው እንደምመለስ አውቃለሁ።