ጋሽ ቶለሳ የቆጠሯቸው ይብራዎች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ጭምር። ጾም በገባ ቁጥር ልናገር እሄዳለሁ፤ ትንንሹን ኃጢአት ዘርዝሬ እመለሳለሁ። እናንተ የምታነቡት፣ ታገሡኝ።

ባቡሩ በአቃቂ በሚያልፍበት ዘመን፣ በዓመት ሁለቴ፣ ክረምቱ ሲወጣና በጥር፣ በፈቃዳችን ተሰባስበን የረግረጉን ወፎች እንቆጥር ነበር። አንዱን ኩሬ ሁለት ሰው ከሁለት ዳር ሆኖ፣ ሳይነጋገር ይቆጥራል። የእኔ ጥንድ ጋሽ ቶለሳ ነበሩ፤ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ። ወፍ መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ያን ደስታ ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር።

ባቡር ሲያልፍ ወፎቹ ይነሣሉ። ሕጋችን፣ እስኪያርፉ ጠብቆ እንደገና ከአንድ መጀመር ነው። አንድ የጥር ማለዳ ይብራዎቹን፣ እነዚያን የዱር ዳክዬዎች፣ ቆጥሬ ላበቃ ስል ባቡሩ ጮኸ፤ ሁሉም ተነሡ። ልጄ ማርታ ቤት ውስጥ አተኩሷት ነበር። በእሷ ላመካኝ? ጎረቤቴ ይዛልኝ ነበር። ሰለቸኝ፤ ይኸው ነው። አልጠበቅሁም። ያምናውን ቁጥር ከደብተሬ ገልብጬ ጻፍሁ። እኔ ነኝ የጻፍሁት።

ወረቀታችን ሲተያይ የእኔ የእሳቸውን እጥፍ ሆነ። አስተባባሪው ወጣት፣ "ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሞ ይሆን?" አላቸው።

"ሠላሳ ዓመት የባቡር መብራት ከሩቅ የለየ ዓይን ይብራ ይስታል?" አሉ እየሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የማርታ እናት፣ ያን ሁሉ አይተሻል?"

"አይቻለሁ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ዓይኔ ነው። አንቺማ አትዋሺም።"

ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ማን ይወግረኝ ነበር?

ከዚያ ወዲያ አልቆጠሩም። ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽራቸውን ሳይቀር ለእኔ ሰጡኝ፤ "ለደኅና ዓይን ይገባል" ብለው። ተቀበልሁ። አመስግኜ ተቀበልሁ።

በሚቀጥለው ጥር በትክክል ቆጠርሁ። ይብራዎቹ እሳቸው ያሉትን ያህል ነበሩ። ለካ ወፎቹ እየቀነሱ ኖሯል፤ ቀድመው ያዩት እሳቸው ነበሩ። ልነግራቸው በቀጥታ ቤታቸው ሄድሁ። ሴት ልጃቸው ጋዜጣ ታነብላቸዋለች።

"ራስዎ አያነቡም እንዴ፣ ጋሼ?" አልኋቸው።

"በማላምነው ዓይን? ተዪው። ይልቅ ይብራዎቹ እንዴት ናቸው?"

አፌን ከፈትሁ። ፊታቸው ላይ ያለውን ጉጉት አየሁ።

"ብዙ ናቸው፣ ጋሼ።"

"ተመስገን" አሉ።

ለፋሲካ ሳይደርሱ ዐረፉ። ዓይናቸው ደኅና ነበር፤ እንዳያምኑት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያም ሁሉ ለአንድ ማለዳ ስንፍና። አምላኬ ልጆቼን አሳድጎልኛል፣ ጤና ሰጥቶኛል፤ ከምስጋናዬ መሐል ግን ይህ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል።

ልጃቸው ያቺው ቤት ውስጥ ናት። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እሄድና እነግራታለሁ። ደጇን ብትዘጋብኝም አልፈርድባትም።