ሁለት ጣት ያጠረ በርጩማ

እሳተ ገሞራውን ከማዶ ተራራ ላይ ሆኖ ለጎብኚ የሚያስረዳው ሰው ሃያ ሦስት ዓመት የተቀመጠው በአንድ በርጩማ ላይ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሽ ጭሱ» ይሉታል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ትልቅ መስኮት። በመስኮቱ መስታወት ላይ ከታች ወደ ላይ አሥር አግድም መስመሮች በቀይ ቀለም ተሰምረዋል፤ በመስመርና በመስመር መካከል አንድ ጣት ይገባል። ከሸለቆው ማዶ እሳተ ገሞራው አለ፤ በጎኑ ላይ እንደ እባጭ ያበጠ ቦታ ይታያል። ከተማ ያለው መሥሪያ ቤት የላከው መሣሪያ ከተበላሸ አራተኛ ዓመቱ ስለሆነ እብጠቱ የሚለካው በጋሽ ጭሱ ዓይን ነው። ጠዋት ጠዋት ጀርባውን ከግድግዳው አስደግፎ ይቀመጣል፤ የእብጠቱ ጫፍ በየትኛው መስመር ላይ እንደዋለ አይቶ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይደውላል።

ለጎብኚ ሲያስረዳ ግን ከእብጠቱ አይጀምርም።

«መጀመሪያ የማይንቀሳቀሰውን እዩ» ይላል፣ ከእሳተ ገሞራው አጠገብ የቆመውን ሹል ቋጥኝ እያሳየ። «እሱ ሦስተኛው መስመር ላይ ካልዋለ የተንቀሳቀሰው ተራራው ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ከዚያ ወደ እብጠቱ። ነገሩ እንደ ድስት ነው፤ ከሥር ያለው ቅልጥ ዓለት ሲገፋ ክዳኑ ይነሣል። ጭስ ስታዩ አትደንግጡ። ጭሱ ጠፍቶ እብጠቱ ካደገ ግን ፍሩ።»

ሊጎበኙ የመጡት ተማሪዎች ይጽፋሉ። እሱ ራሱ ቋጥኙን ማየት ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ሃያ ሦስት ዓመት ንቅንቅ ካላለ ድንጋይ ጋር ማን በየጠዋቱ ሰላምታ ይለዋወጣል?

ታናሽ ወንድሙ ከእሳተ ገሞራው ግርጌ ብሎኬት ያመርት ነበር። ተራራው በጥንት ዘመን የተፋውን ጥቁር ጠጠር ከሲሚንቶ ጋር እያቦካ ቤት ሠራ፣ ሚስት አገባ። እብጠቱ አምስተኛውን መስመር ሲያልፍ ጋሽ ጭሱ ለምኖም ተቆጥቶም አስወጣውና ባልና ሚስት ከተማ ገብተው አንዲት ክፍል ተከራዩ። ወንድምየው ጠዋት ጠዋት ይደውላል።

«እሺ፣ ያንተ ሰውዬ እንዴት አደረ?»

«አብጧል።»

«አንተም ከተቀጠርክ ጀምሮ አብጠሃል፤ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ግን የለም።»

«ቀልድ። ስድስተኛውን ሊነካ ነው እኮ።»

«ሲሚንቶዬ እርጥበት ነክቶት ድንጋይ ሆነ። እኔን የሚገድለኝ እሳቱ ሳይሆን የዚህች ክፍል ጣሪያ ነው፤ ቀና ባልኩ ቁጥር ይኮረኩመኛል።»

አንድ ሰኞ አናጢ መጣ፣ የጎብኚዎቹን በር ሊጠግን። ደግ ሰው ነው፤ ያላዘዙትንም ይሠራል። በርጩማው ሲወላገድ አየና አንዱን እግር ትንሽ ቆረጠለት። በሌላው በኩል ተወላገደ። ያንንም ቆረጠ። እንዲህ እየዞረ በርጩማው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ አራቱንም አሳጠራቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ሰካራም ስንት ዓመት ቻሉት?» አለ፣ አራት ክብ ቁራጭ እንጨት እያስረከበው። «እነዚህን ደግሞ ዳማ ይጫወቱባቸው።»

«እጅህ ይባረክ» አለው ጋሽ ጭሱ።

በማግስቱ ተቀመጠ። አልተወላገደም። የእብጠቱን ጫፍ ቢያየው ከአራተኛው መስመር በታች ወርዷል። ተራራ በአንድ ሌሊት ሁለት ጣት እንደማይወርድ ለስንቱ ተማሪ የተናገረ ሰው ነው፤ ግን ሲመኘው የከረመውን ነገር አግኝቶ ማን ይጠይቃል። «ቀንሷል» ብሎ ጻፈ። ከመሥሪያ ቤቱ በፊት ወደ ወንድሙ ደወለ።

«ተንፍሷል። ቤትህ ግባ።»

«ማልልኝ።»

«እናታችንን።»

ሃያ አንድ ቀን እንዲሁ ጻፈ። እብጠቱ ጥቂት በጥቂት አድጎ አምስት ደረሰ፤ ገና ከስድስት በታች ነው አለ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የተራራው ጎን ተሸነቆረ። ብሎኬት ማምረቻው ከነቤቱ፣ ከነወንድምየው በትኩስ አመድና በድንጋይ ሥር ተቀበረ። ሚስትየው የቀረውን ፍራሽ ልታመጣ ከተማ ሄዳ ነበር።

አጣሪ ኮሚቴ «ያልተጠበቀ የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ጋሽ ጭሱ ግን በፍንዳታው ማግስት፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ቋጥኙን አየው። አንደኛው መስመር ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ የበርጩማውን እግሮች ዳሰሰ። ለማንም አልተናገረም። አራቱን ቁራጮች ኮት ኪሱ ከተታቸው።

በስድስተኛው ወር የወንድሙ ሚስት ከጎብኚዎች ጋር ተሰልፋ መጣች። ድሮ «ጋሼ፣ አንተ» ትለው ነበር።

«ለሌላው ሰው እንደሚያስረዱት ያስረዱኝ» አለችው።

«አንቺን ምን ላስረዳሽ፣ እህቴ?»

«ሰው ሁሉ የፈጣሪ ሥራ ነው ይለኛል። እርስዎ ግን ግቡ ያሉን በመስታወት አይተው ነው። መስታወቱን ልየው።»

የፈጣሪ ሥራ ነው ማለት ይችል ነበር፤ በቀብሩ ቀንም ብሏል። እጁን ኪሱ ከተተ። ቁራጮቹን አንድ ባንድ ከበርጩማው እግሮች ሥር አስገብቶ አስቀመጣት።

«ዓይንሽ ከእኔ ዝቅ ይላል፤ ቁጥሩን ተዪው። ቋጥኙ የት እንደዋለ ብቻ ያዢ።»

«ያዝኩ።»

አስነሥቷት ቁራጮቹን አወጣ። እንደገና ተቀመጠች።

«አሁንስ?»

«ወረደ። ቋጥኝ ይወርዳል እንዴ?» አለች።

«አይወርድም። በርጩማው ነው። አናጢው አሳጠረው፤ እኔ ደግሞ ሳላጣራ ጻፍኩ።»

«መቼ አወቁ?»

«በማግስቱ።»

«ስድስት ወር።»

«ስድስት ወር።»

አላለቀሰችም። «መዝገቡን ያምጡ» አለች።

በዚያ መዝገብ ስሕተት አይፋቅም፤ እየተነበበ እንዲቀር አንድ ሰረዝ ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ይፈረማል። እሷ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች እሱ ቆሞ ጻፈ። ከመጨረሻው ቀን ወደ ኋላ ነው የሄደው፤ ወደ መጀመሪያው ለመድረስ አልቸኮለም። አምስት የሚለው ሰባት ሆነ፤ አራት ተኩል የሚለው ስድስት ተኩል። ውጭ ጎብኚዎች ያስላሉ። «ቀንሷል» የሚለው ዘንድ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«የደወሉበትን ሰዓትም ይጻፉ» አለች።

«ለስልክ የሚሆን ዓምድ የለውም።»

«ዳር ላይ ይጻፉት።»

ጻፈው። ተነሥታ በትከሻው ላይ አንገቷን አስግጋ አነበበች።

«ማልልኝ ብሎዎት ነበር፤ አጠገቡ ነበርኩ። በማን እንደማሉለትም ይጻፉ።»

ጻፈው።