ለብስክሌተኛው እናት ያነበብኩት

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አራዳ ውስጥ በአንድ የዘበኞች ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። እዚያ ቤት ከእኔ በቀር ፊደል የቆጠረ ስላልነበረ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። መኪና ሰው ገጨ፣ ብስክሌት ከበቅሎ ተላተመ ሲባል ቀለሜንና መዝገቤን ይዤ ዘበኛውን እከተላለሁ። እሱ መንገዱን በክንዱ ይለካል፤ እኔ የለካውን እጽፋለሁ። ከዚያ መናገር የሚችል ሁሉ ቃሉን ይሰጣል። መናገር ያቃተው ቃሉ ሳይጻፍ ይቀራል። ይህ ነገር ያን ጊዜ ብዙም አልከነከነኝም።

አንድ ቀን ግን ተጠርቼ ሳይሆን አደጋው ሲደርስ እዚያው ተገኘሁ። ጊዮርጊስን ተሳልሜ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ፣ የአንድ ነጋዴ ደብዳቤ አመላላሽ በብስክሌቱ አጠገቤ አለፈ። የመንገዱን ዳር ይዞ፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው። ከታች የሚመጣ የአንድ ባለሥልጣን መኪና፣ እንጨት የጫኑ አህዮችን ለማለፍ ሲል መንገዱን ለቆ ወደ እሱ መጣ። ገጨው። ሮጬ ስደርስ ዓይኑ ተገልጧል፣ አፉ ግን አይናገርም። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሾፌሩ ዘበኛ ቤት ቀርቦ፣ "ብስክሌቱ ነው በፍጥነት ወርዶ የገባብኝ" አለ። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

"ጌታዬ፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልመስክር" አልኳቸው ለአለቃዬ።

"ትመሰክርና ማን ይጽፋል?" አሉኝ። "ጸሐፊ የሰው ቃል ይጽፋል እንጂ የራሱን አያገባም። መመስከር ከፈለግህ መዝገቡን አስረክበህ ውጣ።"

መዝገቡን ማስረከብ ማለት እንጀራዬን ማስረከብ ነበር። ብዕሬን መልሼ አነሳሁና የሾፌሩን ቃል አንዲት ሳላጎድል፣ በዚያ በምመካበት የእጅ ጽሕፈቴ ጻፍኩት። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ከቀብሩ በኋላ የሟቹ እናት መጡ፤ አራዳ ገበያ ፈትል የሚሸጡ አሮጊት። የተጣመመው ብስክሌት ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ድረስ ግቢያችን ውስጥ ግንድ ላይ ታስሮ ነበር። ከመግባታቸው በፊት አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉለት በመስኮት አየኋቸው። 

"ልጄ፣ የተጻፈውን አንብብልኝ" አሉኝ። "ሰዉ ሁሉ ጥፋቱ የእሱ ነው ይለኛል። እንደ እብድ ሲጋልብ ነው ይለኛል። እሱ እኮ ቁልቁለት ይፈራ ነበር።"

መዝገቡን ገለጥኩ። ጣቴን በሾፌሩ ቃል ላይ እያስኬድኩ ዓይኔ ያየውን አነበብኩላቸው። ዳሩን ይዞ ነበር፣ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር፣ መንገዱን የለቀቀው መኪናው ነው። እያለቀሱ ጎንበስ ብለው ገጹን ሳሙት።

"ተባረክ! እንግዲህ ያን እንጨት ሻጭ ለምን አስቸግረዋለሁ? አህዮቼን ስነዳ ሁሉን አይቻለሁ ብሎኝ ለምስክርነት አስቀርቼው ነበር። አገሩ ሩቅ ነው፣ ይሂድ። ይኼ ጽሑፍ ይበቃኛል።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። "እማማ፣ አይልቀቁት" ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። መዝገቡን ዘጋሁ። ሰውየውን አሰናበቱት።

በችሎቱ ዕለት ዳኛው፣ "ምስክርሽ ማነው?" ሲሏቸው፣ ብብቴ ሥር ያለውን መዝገብ ኮራ ብለው አሳዩ። የዳኛው ጸሐፊ ከእጄ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። ብስክሌቱ በፍጥነት ወርዶ ገባብኝ፣ የሚለውን። እናትየው እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። እኔ እርግማናቸውን እየጠበቅሁ መሬት መሬት አያለሁ።

"ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጸሐፊው ገጹን ስቶ ነው" አሏቸው ዳኛውን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቅንጣት ቁጣ አልነበረም። "ልጄ፣ አንተ ያነበብክልኝን አውጣለት እስቲ።"

መዝገቡን ተቀበልኩና ገጽ መግለጥ ጀመርኩ። የሌለውን ገጽ ስፈልግ እሳቸው አጠገቤ ቆመው ይጠብቁ ነበር።